ሌሊሴ ያልጨረሰችው ጨዋታ

ሌሊሴን ከቀበርናት ጥቂት ሳምንታት በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ ድምፁ ጎርነን ያለ ሰው ነው። ሲሬ ከተማ ውስጥ፣ አውቶቡሶች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ፀጉር ቤት እንዳለው ነገረኝ። የሌሊሴ ስልክ አልሠራ ቢለው በስንት ልመና የእኔን ቁጥር ከሚኒባስ ሾፌር እንዳገኘ አስረዳኝና፣

«የእሷ አንድ ጌም እኔ ጋ አለ» አለኝ። «ዛሬ ነገ ትደውላለች ብዬ ብጠብቅ ድምፅዋ ጠፋብኝ። የእርሻውን ጌም ስትመልስልኝ ይህንን ልትወስድ ተባብለን ነበር። የእርሻው ይቅርብኝ ግዴለም፤ ይህን ግን ልላክላት።»

ማረፏን ነገርኩት። ከበስተኋላው የመኪና ጡሩምባና የረዳቶች ጩኸት ይሰማኛል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣

«ሳትጨርሰው?» አለኝ።

ሌላ ሰው ቢሰማው ግራ በገባው ነበር። እንዲህ ተብሎ ለቅሶ አይደረስም። እኔን ግን ድንኳኑ ውስጥ በተቀመጥኩባቸው ቀናት ያልመጣ እንባ ያን ጊዜ መጣብኝ። ሌሊሴን ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የከበደ ጥያቄ የለም።

ሌሊሴ የሥራ ባልደረባዬ ነበረች። ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ እሷ ካርድ ክፍል፣ እኔ መድኃኒት ቤት ነበርን፤ መስኮቶቻችን ጎን ለጎን ናቸው። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ አርባውን አልፋለች። ረጅም፣ ሞላ ያለች፣ ስትስቅ ትከሻዋ አብሯት የሚስቅ ሴት ነበረች። የታካሚ ስም ስትጣራ ግቢው በሙሉ ይሰማል። ሽማግሌውን «አባ ኮ»፣ አሮጊቷን «ሃርሜ ኮ» ትላቸዋለች፤ አባቴ፣ እናቴ ማለቷ ነው። ወሬ በኦሮምኛ ትጀምርና በአማርኛ ትጨርሳለች፤ ወይም በአማርኛ ጀምራ ንዴቱ ሲመጣ ወደ ኦሮምኛ ትዞራለች። ካርዱ ጠፋብኝ ብሎ የሚጨነቅ ገበሬ መስኮቷ ላይ ሲቆም መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ካርዱ አይደለም። ዝናቡ እንዴት እንደሆነ፣ ከብቱ ደህና መሆኑን ትጠይቃለች። ሰውየው ትንፋሹ ሲመለስ ካርዱ ይገኛል።

የጌም ሰው መሆኗን ያወቅኩት አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። አውራ ጣቷ ላይ ፕላስተር ጠቅልላ መጣች።

«ምን ሆንሽ አዴ ሌሊሴ?»

«ዘንዶ ስገድል ነው» አለችኝ መስኮቷን እየከፈተች። «ባለ ሦስት ራስ። ቅዳሜን ሙሉ ሲያስለፋኝ ዋለ። በመጨረሻ ግን ጣልኩት!»

የጸሎት ሰው መሆኗን፣ በቤተ ክርስቲያኗም መዘምራን ውስጥ እንደምታገለግል አውቃለሁ። ስለዚህ ራእይ አይታ መሰለኝና ራሴን በአክብሮት ነቅንቄ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። ለአፍታ አተኩራ አየችኝ። ከዚያ ነገሩ ገባትና ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ሳቀች።

«ኧረ የጌም ዘንዶ ነው ይመር! ጆይስቲኩ ጣቴን ልጦት ነው!»

ምሳ ሰዓት ላይ ከመጀመሪያው አጫወተችኝ። ወላጆቿ ቶሎ ስላለፉ ታናሽ ወንድሟን ገመቹን ያሳደገችው እሷ ናት። ገመቹ ተማሪ ሳለ የእግር አጥንቱን ታመመና ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ ዋለ። ጓደኞቹ መጀመሪያ ይመጡ ነበር፤ እየቆዩ ቀሩ። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዋል ሲጀምር ሌሊሴ ፈራች። ከአዲስ አበባ ያገለገለ ዕቃ እያመጣ ከሚሸጥ ነጋዴ አንድ አሮጌ የጌም ማሽን ገዛችለት። ማሽኑ መጣ፤ የሚገጥመው ሰው ግን አልነበረም።

«ብቻውን ከሚጫወት ብዬ ጆይስቲኩን አነሳሁ» አለችኝ። «ኳስ ነበር። የራሴ በር የቱ እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ ለእሱ አገባሁለት። ሳቀብኝ! ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመኝ?»

ገመቹ ድኖ፣ ተምሮ፣ አዳማ ሥራ ያዘና ሄደ። ሲሄድ ማሽኑን ትቶላት ሄደ። እሷም ቀጠለች።

ማሽኑ በእርግጥ አሮጌ ነበር። ከእሱ ወዲህ ስንት ዓይነት አዲስ እንደወጣ የሚያውቁት የከተማው ጌም ቤት ጎረምሶች ሲያዩዋት ይስቁባታል። እሷን አይሞቃትም፣ አይበርዳትም። «ያረጀው ለሚሸጡት ነው» ትላለች። «እኔ ያልተጫወትኩት ሁሉ ለእኔ አዲስ ነው።» እውነቷን ነው። ሌላው ዓለም ተጫውቶ፣ ሰልችቶት የረሳው ጌም እሷ ቤት ሲደርስ ገና ትኩስ ነበር። ማሽኑ እንዳይግል ከሥሩ የውሃ ጠርሙስ ክዳኖች ታደርግለታለች። የጆይስቲኩ ላስቲክ ሲበላ ከብስክሌት ጎማ ቆርጣ ትለጥፍበታለች። ዲስኩን ስትጠርግ ከመሃል ወደ ዳር ነው፤ የሕፃን ፊት የምትጠርግ ይመስል ቀስ አድርጋ። መብራት ሲጠፋ እንደ እኛ አትነጫነጭም። ተነስታ ሽንኩርቷን ትልጣለች፤ ሲመጣ እጇን ታጥባ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

አንድ የማይነቃነቅ ሕግ ነበራት። የያዘችውን ጌም ሳትጨርስ ሌላ አትነካም።

«ሰው ቤት ተጋብዘህ የቀረበልህን ግማሹን ትተህ ትነሳለህ?» ትለኛለች።

በየጊዜው መግዛት አትችልም። ስለዚህ ያለውን እስከ ጥጉ ድረስ ነው የምትጫወተው። ጨዋታው ውስጥ ያለ መንደር ከሆነ ያላንኳኳችው በር፣ ያላናገረችው ሰው አይኖርም። ጠላት ማሳደዱን ትታ ወንዝ ዳር ቆማ ፀሐይ ስትጠልቅ ስታይ አግኝቻታለሁ። «ይህን የሠራው ሰው ስንት ደክሞበታል» አለችኝ። «ዝም ብለን ብንሮጥበት ነውር ነው።»

የጨረሰችውን ደግሞ ትለዋወጣለች። ከሲሬው ፀጉር ቆራጭ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ነው። ገመቹን ልትጠይቅ ስትሄድ አውቶቡሱ ሲሬ ቆመ። በፀጉር ቤቱ በር አሾልካ ስታይ ቴሌቪዥኑ ላይ የምታውቀው ጌም አለ። ወርዳ ገባችና ወሬ ጀመረች፤ አውቶቡሱ ጥሏት ሊሄድ ሲል ረዳቱ ጮሆ ነው የጠራት። ከዚያ ቀን ወዲህ በአካል ተገናኝተው አያውቁም። ዲስኩ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከነቀምቴ ሲሬ፣ ከሲሬ ነቀምቴ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ይመላለሳል። ሾፌሮቹ «የሌሊሴ አደራ» ይሉታል።

ኋላ እኛንም አስገባችን። አንድ ቀን ሻይ ላይ ተቀምጠን፣ «ዕቁብ እንግባ» አለች። ደሞዛችንን የምታውቅ ሰው ይህን ማለቷ ገርሞን ስንተያይ፣ «የገንዘብ አይደለም፤ የማሽን!» አለችን። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እሷ፣ እኔ፣ የላቦራቶሪው ባለሙያና የግቢው ጥበቃ ስማችንን ጽፈን፣ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ከተን ዕጣ እናወጣለን። የደረሰው ሰው ማሽኑን በጨርቅ ቦርሳ ይዞ ቤቱ ይወስዳል፤ ሳምንቱን ሙሉ የእሱ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ «ትልቅ ሰው ሆናችሁ!» ብላ ተቆጣች። በመኪና ውድድሩ ግን ማንም ደርሶባት አያውቅም። ዕጣው ለእኛ ሲወጣ ምሳ የሚያርርበት ቤት የእኛ ሆነ።

በነገሩ ደስ ያላለውም ሰው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ኦቦ ዲሪባ፣ ዘማሪት ጌም መጫወቷ አሳስቧቸው ቤቷ ድረስ መጡ። እኔም ማሽኑን ልረከብ ሄጄ ነበርና እዚያው ደረስኩ።

«ልጄ፣ ይህ ነገር ጊዜሽን ይበላል» አሏት።

«አዎ ይበላል ኦቦ ዲሪባ» አለች።

«እንግዲህ ተይው።»

«ሐሜትም ጊዜ ይበላል። ይህ ቢያንስ ሰው አያማም።»

ሽማግሌው ፈገግታቸውን ዋጡት። አልተስማሙም። ግን ጸልየውላት ሄዱ፤ እሷም ከልቧ «አሜን» አለች። ከዚያ ቀን ጀምራ እሑድ ማሽኑን አትነካም፤ እሳቸውም ሌላውን ቀን አያነሱባትም። እስከመጨረሻው በዚሁ ተከባብረው ኖሩ።

ይህ ሁሉ የሳቅ ጊዜ ነው። ስለ ሌሊሴ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ቤተሰቦቼ መነሻቸው ወሎ ነው። አባቴ ግን ወለጋ የመጣው በልጅነቱ ነው። እዚሁ አድጎ፣ እዚሁ አርሶ፣ እዚሁ አግብቶ እናቴንም እዚሁ የቀበረ ሰው ነው። ሰው በመነሻው እየተፈረጀ በሚፈናቀልበት በዚያ ክፉ ጊዜ ከገጠር ቀየውን ለቆ፣ በአንድ ፌስታል ልብስ ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። ቤቱም፣ ማሳውም፣ በሬዎቹም ቀሩ። እንዴት እንደወጣ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያለችው የኪራይ ቤታችን በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ፣ ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አጥር አዙሮ ይውላል። «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «ደህና»፤ «ብላ» ሲሉት «ጠግቤያለሁ»። ከዚህ ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። መድኃኒት እያደልኩ የምኖር ሰው፣ ለአባቴ የሚሆን መድኃኒት አጣሁ።

አንድ ቀን ሥራ ላይ ሌሊሴ ፊቴን አይታ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ፊታቸውን ወደ አጥር ነው ያዞሩት?»

«አዎ።»

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ዕጣው የእኛ ሳይሆን፣ የጨርቅ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ በራችንን አንኳኳች።

«አካም ጅርቱ አባ ኮ?» አለችው፣ በረንዳው ላይ ጎንበስ ብላ።

«ነጋ» አለ አባቴ። ሰላም ነው ማለቱ ነው። ተመልሶ ወደ አጥሩ ዞረ።

አልጎተጎተችውም። ገብታ ቴሌቪዥኑን ከበረንዳው እንዲታይ አድርጋ ወደ በሩ አዞረችው። ማሽኑን ሰካካችና ቁጭ አለች። የተከፈተው ጌም ከዚያ በፊት እሷ ዘንድ አይቼው የማላውቅ ነው። ጦርነት የለበት፣ ኳስ የለበት፤ ሰፊ ማሳ፣ አንድ ቤት፣ አንድ ትራክተር። ሥራው ማረስ፣ መዝራት፣ ማጨድ ነው። ሌሊሴ ማረስ ጀመረች። ዘንዶ የምትጥል ሴት፣ ትራክተሩን እንደ ሰካራም ነዳችው። አንዱን መስመር ስትይዝ ሌላውን ትስታለች፤ መሃል መሃሉን ሳይታረስ ታልፈዋለች።

«ይመር፣ አሁን ልዝራ እንዴ?» አለችኝ ጮክ ብላ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ዝሪ።»

የበረንዳው ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ምኑን ነው የምትዘሪው?» አለ አባቴ ከውጭ።

«ስንዴ ነው አባ ኮ።»

«ሳይታረስ?»

«አርሼዋለሁ እኮ!»

«ያ ጥጉስ? መሃል ላይ የዘለልሽውስ? ይህ እርሻ ነው ወይስ የአይጥ መንገድ?»

ባለቤቴን አየኋት። ጓዳው በር ላይ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። አባቴ እኛ ዘንድ ከመጣ ጀምሮ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ አልተናገረም ነበር። ሌሊሴ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

«እንግዲህ እኔ የከተማ ሰው ነኝ አባ ኮ፤ ካላሳዩኝ በምን ልወቅ?»

ውሸቷን ነው። ጉቶ ጊዳ ገጠር፣ ከበሬና ከበቆሎ መሃል የተወለደች ናት። አባቴ ግን ተነስቶ ገባ። ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ ለጥቂት ጊዜ አየ።

«በሬው የታለ?»

«በሬ የለውም፤ በትራክተር ነው።»

«ባለቤቱስ?»

ሌሊሴ ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችው። «ባለቤቱ እርስዎ ነዎት» አለችና ጆይስቲኩን ዘረጋችለት።

ተቀበላት። ጣቶቹ ለዚያች ትንሽ ዕቃ በጣም ትልልቅ ነበሩ። መጀመሪያ ትራክተሩን ወስዶ ወንዝ ውስጥ ጨመረው። ሁለተኛ አጥር ላይ ወጣ። «መሪው ሰክሯል» አለ። ሌሊሴ በሳቅ ፈረሰች። እሱ አልሳቀም፤ ግን አልተነሳም። ምሳ ቀርቦ ጠራነው። «ቆዩ፣ ይቺን ጥግ ላውጣ» አለ። ከዚያ መጥቶ በላ።

ያን ዕለት ማሽኑን እኛ ዘንድ ትታ ሄደች። የላቦራቶሪው ልጅም ጥበቃውም ዕቁቡ ይቁም ስትላቸው እሺ አሉ። በየቅዳሜው ትመጣለች። የእርሻ ተማሪ ሆና አጠገቡ ትቀመጥና ትጠይቀዋለች። እሱ ይቆጣታል። «ሳይታረም ነው የሚታጨደው? ይህን የሠራው ሰው ማሳ አይቶ ያውቃል?» እያለ ከጌሙ ጋር ይጣላል። ሲበላ አየሁት፣ ሲተኛ አየሁት። ከጎረቤት ጋር ሰላምታውን ማርዘም ጀመረ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ ደርሶ ትራክተሩን ሊያዞር ሲል እጁ ቆመ።

«ቦራ ቢሆን እዚህ ጋ ሲደርስ ራሱ ይዞር ነበር» አለ።

«ቦራ ማነው አባ ኮ?»

«በሬዬ። የግራው። የቀኙ ዳለቻ ይባላል። ዳለቻ ኃይለኛ ነው፣ ግን አይሰማም። ቦራ ግን አፌን ሳልከፍት…»

ከዚያ በኋላ የወጣውን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ቤቱን ተናገረ። በር ሳይዘጋ መውጣቱን ተናገረ። በሬዎቹን መፍታት ችሎ ሊነዳቸው እንዳልቻለ፣ ቦራ ጥቂት መንገድ ተከትሎት እንደቆመ ተናገረ። እያለቀሰ ነበር። አባቴ ሲያለቅስ በእናቴ ቀብር እንኳ አላየሁትም። ሌሊሴ «አይዞዎት» አላለችም። ጆይስቲኩን ከእጁ ቀስ ብላ ወሰደችና እርሻውን ካቆመበት ቀጠለች። በዚያን ቀን አንድም መስመር አላጣመመችም። እሱ እያወራ፣ እያለቀሰ፣ እሷ እያረሰች ሄዱ። ሲጨርስ ማሳውም አለቀ።

«ይዩልኝ አባ ኮ፣ ቀንቷል?»

ዓይኑን ጠረገና አየ። «ቀንቷል» አላት።

የእርሻውን ጌም ከየት እንዳመጣችው ያን ጊዜ መጠየቅም ትዝ አላለኝ። የነገረኝ የሲሬው ፀጉር ቆራጭ ነው፤ በዚያ የስልክ ጥሪ። ጌሙ የእሱ ነበር፣ በጣምም ይወደው ነበር። ሌሊሴ ደውላ ስትለምነው፣ እንቢ ማለት አፍሮ፣ «አሁን በእጅሽ ያለውን ከላክሽልኝ» አላት። ያ በእጇ የነበረው ትልቅ የጉዞ ጌም ነው፤ ዓመት ሊሞላት እስኪቃረብ ስትጫወተው ኖራ መጨረሻው ላይ ደርሳለች። ሕጓን ያውቃል፤ ሳትጨርስ እንደማትሰጥ እርግጠኛ ነበር። በዚያው ዕለት በሚኒባስ ላከችለት።

«‹መጨረሻው ብቻ ነው የቀረኝ፤ አንተ ብትጨርሰው እንዳትነግረኝ› አለችኝ» አለኝ። «ኋላ አሳዘነችኝና ሁለቱንም ያዢው ብላት፣ ‹ሁለት ጌም ይዤ አንተን ባዶ እጅህን?› ብላ እንቢ አለች። የእርሻውን ልትመልሺ ነው ወይ ስላት ደግሞ ሁልጊዜ መልሷ አንድ ነው። ‹ገና ነው፤ ሰውየው እያረሰ ነው።›»

ሰውየው አባቴ መሆኑን ነገርኩት። ዲስኩን ላከልኝ፣ እኔም ለገመቹ አደረስኩለት። ይጫወተው አይጫወተው አልጠየቅኩትም።

ሌሊሴ በሕይወት ወደነበረችበት ጊዜ ልመለስና፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል አባቴ አንድ ቀን ጆይስቲኩን አስቀመጠና፣ «ይህ መሬት አይሸትም» አለ።

ሌሊሴ ማሽኑን አጠፋችና፣ «ቅዳሜ ጫማዎን አድርገው ይጠብቁኝ» አለችው።

ቅዳሜ በባጃጅ ሦስታችን ጉቶ ጊዳ ሄድን። አጎቷ ኦቦ ዋቅጅራ፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ መሬት ነበራቸው፤ ልጆቻቸው ከተማ ገብተው የሚያግዛቸው ጠፍቷል። እውነቱን ለመናገር እኔ ፈርቼ ነበር። ሰው ሰውን ከየት መጣህ እያለ የሚያይበት ወቅት ነው። እንደደረስን አንድ ጎረቤት ከአጥሩ ማዶ ሆኖ፣ «ይሄ ሽማግሌ ማነው?» ብሎ በኦሮምኛ ጠየቀ።

«አባቴ ነው» አለች ሌሊሴ።

ሰውየው አባቷን ያውቃል። መሞታቸውንም ያውቃል። ወደ ኦቦ ዋቅጅራ ዞሮ አያቸው። ኦቦ ዋቅጅራ አባቴን ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «የእሷ አባት ከሆነ የእኔ ወንድም ነው፤ ሌላ ምን ትላለህ?» አሉት። ነገሩ በዚያ አበቃ።

አባቴ ይህንን አልሰማም። ቀጥ ብሎ ወደ በሬዎቹ ሄዶ ነበር። የአንዱን ጫንቃ ዳብሶ፣ «ቀንበሩ ይፍቀዋል፤ እዚህ ጋ ጨርቅ ይደረግበት» አለ፣ በኦሮምኛ። ኦቦ ዋቅጅራ ሳቁና ጨርቅ ፍለጋ ገቡ። በዚያው ክረምት አብረው በቆሎ ዘሩ። አባቴ መጀመሪያ ጠዋት እየሄደ ማታ ይመለስ ነበር። ኋላ እዚያው ማደር ጀመረ። ቅዳሜ ሲመጣ ጭቃ የነካ ጫማውን በረንዳው ላይ ያወልቃል፤ ባለቤቴ የምትጠርገው ደስ እያላት ነው።

በዚያው ክረምት ነው ሌሊሴ የታመመችው። መጀመሪያ ድካም አለችን። ቀጥሎ ምግብ አስጠላት። እኛ የጤና ሰዎች ተብለን አጠገቧ እየዋልን ዘግይተን ነው ያወቅነው፤ ጉበቷ ነበር። አዲስ አበባ ሄዳ ታየችና የሚቻለው ትንሽ መሆኑን ሰምታ ተመለሰች። ገመቹም ከሥራው አስፈቅዶ መጣ፤ በተራው እሱ አስታማሚ ሆነ።

ማሽኑን መልሰን ቤቷ አስቀመጥንላት። ጣቷ ግን ጆይስቲክ መያዝ አቃተው። ስለዚህ እኛ እንጫወትላታለን፤ እሷ ከአልጋዋ ላይ ታዛለች። ባለቤቴ መኪና ስትነዳ «ወደ ቀኝ! ኧረ ወደ ቀኝ!» እያለች በዚያ በደከመ ድምፅ ትጮሃለች። የምትጨርሰው ጌም በእጇ ለምን እንደሌለ ማንም አልጠየቃት፤ እሷም አላነሳችም።

አባቴ የበቆሎ እሸት በማዳበሪያ ጆንያ ተሸክሞ ከጉቶ ጊዳ መጣና አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ።

«ዘንድሮ ደህና ይዟል» አላት።

«ይሸታል አባ ኮ?»

«ይሸታል ልጄ» አላት። «ዝናብ ሲመታው ደግሞ የጉድ ነው።»

ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች። ብዙ አላወሩም። እሱ እሸቱን እየላጠ ዘንቢሉ ውስጥ ይጨምራል፤ እሷ ድምፁን ትሰማለች።

ያረፈችው በቆሎው ሳይደርቅ ነው። ቀብሯ ላይ የነበረውን ሰው ብዛት እስከዛሬ አልረሳም። በካርድ ክፍሉ መስኮት ያለፈ ሰው ሁሉ የመጣ ይመስል ነበር፤ ከገጠሩም፣ ከከተማውም። አባቴ ከኦቦ ዋቅጅራ ጋር ከጉቶ ጊዳ በእግሩ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ፣ የሩቅ ዘመድ የሆነ አንድ ሽማግሌ አባቴን አላውቀው ብሎ ደጋግሞ አየው። በመጨረሻ ወደ እሱ አዘንብሎ፣ የሟች ምኗ እንደሆነ በኦሮምኛ ጠየቀው።

እኔ የሥራ ባልደረባዋ ነኝ፤ እሱም አባቴ ነው ልል አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ።

«አብረን ያረስን ነን» አለው።

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ጋቢውን ሰበሰበና ጠጋ ብሎ፣ ቤተዘመዱ ከተቀመጠበት ወንበር ላይ ቦታ ለቀቀለት።